አቤቱታ የሚገባበትን በር ያስከፈቱት አዛውንት፦ ጆን ክዊንሲ አዳምስና የስምንት ዓመቱ ሙግት

ተራው ዜጋ ከሀገሩ ሕግ አውጪዎች ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በዓመታት አንድ ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሹም፣ የሚጽፍለት ጋዜጣ የለውም። የሚቀረው አቤቱታ ነው። በቀድሞይቱ ኢትዮጵያ ባለ ጉዳይ ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ አቤት ይል ነበር። ዘመናዊው ምክር ቤት ሲመጣ ያ ጩኸት ወረቀት ለበሰ፤ ስምና ፊርማ ተጨመረበት፤ በተመራጩ እጅ በኩል ወደ ጉባኤው ገባ።

በብዙ ሀገሮች ይህ መብት በሕገ መንግሥት ተጽፏል። የሚፈተነው ግን ሕዝቡ የሚያመለክተው ነገር ምክር ቤቱ ሊሰማው የማይሻው ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው ፈተና በገሃድ ከታየባቸው ዘመናት አንዱ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1836 እስከ 1844 ያለው ሲሆን፣ ስፍራውም የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ስለ ባርነት የሚጻፍ አቤቱታ ሁሉ እንዳይታይ ደንብ አወጣ። ደንቡን ለማስሻር ስምንት ዓመት ሙሉ የተሟገቱት ሰው ቀደም ሲል የዚያችው ሀገር ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ክዊንሲ አዳምስ ናቸው።

የአብዮቱ ልጅ

ጆን ክዊንሲ አዳምስ ሐምሌ 11 ቀን 1767 በማሳቹሴትስ፣ ብሬንትሪ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ጆን አዳምስ ለአሜሪካ ነፃነት ከታገሉት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ በኋላ የሀገሪቱ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። እናታቸው አቢጌል አዳምስ በብሩህ አእምሮአቸውና በደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ሰኔ 17 ቀን 1775 የበንከር ሂል ጦርነት ሲካሄድ፣ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ጆን ክዊንሲ ከእናታቸው ጋር ከቤታቸው አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ወጥተው የመድፉን ጭስ ተመለከቱ። ያ ቀን እስከ እርጅናቸው ከልባቸው አልወጣም።

አባታቸው በዲፕሎማትነት ወደ አውሮፓ ሲላኩ ልጃቸውን ይዘው ተሻገሩ። ጆን ክዊንሲ ገና በ12 ዓመታቸው የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ጀመሩ፤ ልማዱም እስከ ሞታቸው ዋዜማ ድረስ ዘለቀ። ማስታወሻው 51 ቅጽ ሲሆን በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሉት። በ14 ዓመታቸው ወደ ሩሲያ ለተላከ የአሜሪካ መልእክተኛ የፈረንሳይኛ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆነው ሴንት ፒተርስበርግ ሄዱ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በ1787 ከሃርቫርድ ተመረቁ፤ ሕግ አጥንተውም ጠበቃ ሆኑ።

የመንግሥት አገልግሎታቸው ረጅም ነው። በኔዘርላንድስ፣ በፕሩሲያ፣ በሩሲያና በብሪታንያ ሀገራቸውን ወክለዋል። በ1797 ለንደን ላይ ሉዊዛ ካትሪን ጆንሰንን አገቡ። በ1814 መጨረሻ በአሜሪካና በብሪታንያ መካከል የነበረውን ጦርነት የቋጨው የጌንት ውል ሲፈረም ከተደራዳሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ከ1817 ጀምሮ ለስምንት ዓመታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ፍሎሪዳን ከስፔን ያስገኘውን ውል ተዋዋሉ፤ በፕሬዚዳንት ሞንሮ ስም የሚጠራውን የ1823 የውጭ ፖሊሲ በማርቀቅም ዋናው እጅ የእርሳቸው ነበር።

ከቤተ መንግሥት ወደ ተራ ወንበር

የ1824ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ አራት ተወዳዳሪዎች የቀረቡበት ሲሆን አንዳቸውም የሚፈለገውን አብላጫ አላገኙም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። ምክር ቤቱም በየካቲት 1825 ከአንድሩ ጃክሰን ያነሰ ድምፅ የነበራቸውን አዳምስን መረጠ። የጃክሰን ደጋፊዎች ይህን በስውር የተደረገ ውል ነው እያሉ አራት ዓመት ሙሉ ከሰሷቸው። አዳምስ ለመንገድና ለቦይ ሥራ፣ ለዩኒቨርሲቲና ለሥነ ፈለክ ምርምር ያቀረቧቸው ዕቅዶች ከሞላ ጎደል ሳይፈጸሙ ቀሩ። በ1828 በጃክሰን በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ።

ቀጥሎ ያለው ዓመት ደግሞ የሐዘን ዓመት ሆነ፤ የበኩር ልጃቸው ጆርጅ በ1829 ሞተ። አዳምስ ወደ ትውልድ ስፍራቸው ተመልሰው በመጻሕፍታቸውና በአትክልታቸው መካከል ለመኖር አሰቡ። ነገር ግን በ1830 የአካባቢው ሰዎች በተወካዮች ምክር ቤት እንዲወክሏቸው ጠየቋቸው። ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ወደ ተራ ተወካይነት መውረድ ክብሩን አይቀንስም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። የአዳምስ መልስ ግልጽ ነበር፤ ሕዝብ የመረጠው ሰው በየትኛውም ወንበር ቢያገለግል አይዋረድም አሉ። በ63 ዓመታቸው ተመረጡ፤ ከ1831 ጀምሮም 17 ዓመት በዚያ ወንበር ተቀመጡ። ከፕሬዚዳንትነት በኋላ በተወካዮች ምክር ቤት ያገለገሉ እርሳቸው ብቻ ናቸው።

አቤቱታ በምክር ቤቱ እንዴት ይስተናገድ ነበር?

በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ፣ ሕዝቡ በደሉ እንዲታረምለት ለመንግሥት አቤት የማለት መብቱ እንዳይነካ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ አቤቱታው እንዴት እንደሚስተናገድ ግን በዝርዝር አላስቀመጠም። ይህን የሠራው የምክር ቤቱ ልማድና ደንብ ነው።

በዚያ ዘመን አቤቱታ አቅራቢዎች ወረቀታቸውን ፈርመው ለአንድ ተወካይ ይልካሉ። ለአቤቱታ በተመደበው ቀን አፈ ጉባኤው ክፍላተ ሀገሩን ከሰሜን፣ ከሜን ጀምሮ በተራ ይጠራል። ተወካዩ ይነሣና አቤቱታው ከየት እንደመጣና ምን እንደሚለምን ባጭሩ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው መርምሮ ይፈጸም ወይም አይፈጸም ብሎ ዘገባ ያቀርባል። የጡረታ መብቱ የቀረበት ወታደር፣ ንብረቱ በጦርነት የወደመበት ገበሬ፣ ፖስታ ቤት እንዲከፈትላቸው የሚሹ መንደርተኞች፣ ቀረጥ የከበዳቸው ነጋዴዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ይመጡ ነበር። ብዙው አቤቱታ አይፈጸምም፤ ነገር ግን ይሰማል፤ ይመዘገባል፤ መልስም ያገኛል።

አዳምስ ምክር ቤት በገቡበት በታኅሣሥ 1831 ያቀረቡት የመጀመሪያው ነገር ከፔንሲልቬንያ ክዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች የላኳቸውን 15 አቤቱታዎች ነው። ልመናቸው በዋና ከተማይቱ ዋሽንግተን በሚገኝበት የኮሎምቢያ ግዛት ባርነትና የባሪያ ንግድ እንዲቀር ነበር። አዳምስ ባርነትን አጥብቀው ቢጠሉም በዚያ ጊዜ በግዛቱ ባርነት ወዲያው ይቅር የሚለውን ጥያቄ እንደማይደግፉ ለምክር ቤቱ ተናግረዋል። በሐሳቡ ባይስማሙም ወረቀቱን አቅርበዋል፤ የተወካይ ግዴታ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። የኋላው ሙግት ሁሉ መነሻ ይህ እምነት ነው።

የአፍ መለጎሚያው ደንብ

በ1833 መጨረሻ በፊላዴልፊያ የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ አባላት ቤት ለቤት እየዞሩ ፊርማ አሰባሰቡ፤ የአቤቱታው ቁጥር በየዓመቱ እየናረ ሄደ። በባርነት ላይ የተመሠረተ ኑሮ የነበራቸው የደቡብ ተወካዮች ግን ስለዚህ ነገር በአዳራሹ መነጋገሩን እንደ ጠብ ጫሪነት ቆጠሩት። በታኅሣሥ 1835 ከደቡብ ካሮላይና የመጡት ጄምስ ሃመንድ እንዲህ ያለው አቤቱታ ጨርሶ ተቀባይነት እንዳያገኝ ጠየቁ። ለወራት ከተከራከሩ በኋላ በዚያው ክፍለ ሀገር ተወካይ በሄንሪ ፒንክኒ የሚመራ ኮሚቴ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ስለ ባርነት በማናቸውም መንገድ የሚጻፍ አቤቱታ ሁሉ ሳይታተም፣ ወደ ኮሚቴም ሳይመራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ የሚል ነው። በምክር ቤቱ ቋንቋ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ማለት ለዘለዓለም ማስተኛት ማለት ነው።

ግንቦት 26 ቀን 1836 ድምፅ ተሰጠ። አፈ ጉባኤው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄምስ ፖክ ነበሩ። አዳምስ ለመናገር ቢነሡ ዕድል ተነፈጋቸው። ስማቸው ሲጠራ ግን እሺ ወይም እምቢ በማለት ፋንታ ተነሥተው፣ ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን፣ የምክር ቤቱን ደንብና የመራጮቻቸውን መብት በቀጥታ የሚጥስ መሆኑን ጮክ ብለው አስታወቁ። ሥርዓት ይከበር የሚለው ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው። ውሳኔው በ117 ድጋፍና በ68 ተቃውሞ አለፈ። ተቃዋሚዎቹ የአፍ መለጎሚያ ደንብ ብለው ሰየሙት።

ደንቡ የታሰበው ጸጥታን ለማምጣት ነበር፤ ያመጣው ግን ተቃራኒውን ነው። ስለ ባርነት ደንታ ያልነበራቸው የሰሜን ሰዎች የገዛ መብታቸው እንደተነካ ተሰማቸው። በኒው ኢንግላንድና በኦሃዮ መንደሮች ፊርማው በመቶ ሺዎች ተቆጠረ። ከሌሎች ተወካዮች ወረዳ ሳይቀር አቤቱታው ወደ አዳምስ መጉረፍ ጀመረ። አዛውንቱ ከንጋት በፊት ተነሥተው ወረቀቱን በየዓይነቱ ይለያሉ፤ ከየት እንደመጣና ስንት ሰው እንደፈረመበት ይመዘግባሉ።

ደንቡ በየጉባኤው ዘመን መታደስ ስለነበረበት፣ ከመታደሱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት የቻሉትን ያህል አቤቱታ ያስገባሉ። ከታደሰ በኋላም ዘዴ አያጡም፤ ይህ ወረቀት በደንቡ ሥር ይወድቅ እንደሆነ አፈ ጉባኤው ይንገሩኝ እያሉ ይጠይቃሉ፤ በጥያቄው ውስጥ ግን የአቤቱታው ፍሬ ነገር ተሰምቶ ያልቃል። ጨርሶ ስለ ባርነት የማያነሣና ደንቡ ራሱ እንዲሻር ብቻ የሚለምን አቤቱታ ሲያመጡ ደግሞ አፈ ጉባኤው ምን እንደሚበይን ይቸገራል።

የባሮቹ ወረቀት

የካቲት 6 ቀን 1837 አዳምስ አንድ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ተነሡ። ባሮች መሆናቸውን በገለጹ 22 ሰዎች ስም የተጻፈ ነው አሉ፤ ይህ ወረቀት በደንቡ ሥር ይወድቃል ወይ ሲሉም አፈ ጉባኤውን ጠየቁ። አዳራሹ ታወከ። የደቡብ ተወካዮች አዳምስ ይገሠጹ፣ ይባረሩ፣ ወረቀቱም ይቃጠል እያሉ ተነሡ። ለቀናት የተግሣጽ ሐሳቦች ተራ በተራ ቀረቡ።

አዳምስ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያም ከሳሾቻቸው ወረቀቱን ሳያዩ እንደፈረዱ አሳወቁ፤ አቤቱታው የሚለምነው ባርነት እንዲቀር ሳይሆን ተቃራኒውን ነበርና። ምናልባትም እርሳቸውን ለማጥመድ የተጻፈ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥረው ነበር። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። አቤቱታ ትእዛዝ አይደለም፤ ልመና ነው አሉ። የለማኙ ማዕረግ፣ ሀብት ወይም መልካም ጠባይ ልመናውን ለመስማት ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም። በሥልጣኑ ገደብ የለውም የሚባለው የቁስጥንጥንያ ሱልጣን እንኳ በመንገድ ሲያልፍ የድኻውን አቤቱታ አልቀበልም አይልም፤ የነፃ ሀገር ምክር ቤት እንዴት ከዚያ ያንሳል ሲሉም ጠየቁ።

የተግሣጹ ሐሳብ ወደቀ። ሆኖም ምክር ቤቱ ከቀናት በኋላ ባሮች አቤት የማለት መብት የላቸውም ሲል በ162 ድምፅ ለ18 ወሰነ። አዳምስ ከክሱ አመለጡ፤ ዋናውን ነገር ግን በዚያ ቀን ተሸነፉ።

የሴቶቹ ፊርማ

ከአቤቱታዎቹ እጅግ ብዙዎቹ የሴቶች ፊርማ ያለባቸው ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት ድምፅ አትሰጥም፤ አትመረጥም። በመንግሥት ፊት ያላት ብቸኛ ድምፅ አቤቱታ ነበር። በየካቲት 1838 ከደቡብ ካሮላይና የባሪያ ባለቤት ቤተሰብ የወጡት አንጀሊና ግሪምኬ የማሳቹሴትስ ሴቶችን ፊርማ ይዘው በክፍለ ሀገሩ ሕግ አውጪ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተናገሩ። በአሜሪካ ሕግ አውጪ ጉባኤ ፊት የተናገሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

በዚያው ዓመት ቴክሳስ ከአሜሪካ ጋር መቀላቀሏን የሚቃወሙ የሴቶች አቤቱታዎች ወደ ምክር ቤቱ መጡ። የሜሪላንዱ ተወካይ ቤንጃሚን ሃዋርድ ሴቶች የቤት ሥራቸውን ትተው በፖለቲካ መግባታቸው ለራሳቸውም ለሀገራቸውም ነውር ነው ብለው ተናገሩ። አዳምስ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ በየማለዳው በተሰጣቸው አጭር ሰዓት መለሱላቸው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ዲቦራንና አስቴርን ጠቀሱ፤ ሕዝቧን ከእልቂት ለማዳን ወደ ንጉሡ ፊት ያልተጠራች ሳለች የገባችው አስቴር ነውር ሠርታለችን ሲሉ ጠየቁ። የአሜሪካ አብዮት ሴቶች ያደረጉትንም አስታወሱ። ሴት ልመና የማቅረብ መብት አላት ካልን፣ ድምፅ የመስጠት መብት የላትም የሚለው ነገር ያን ያህል የታመነ ነውን የሚል ጥያቄም አነሡ። እናታቸው አቢጌል ይህን ቢሰሙ ባልተገረሙ ነበር።

ቀንበሩ ሲጠብቅ

ጥር 28 ቀን 1840 ሁኔታው ባሰ። እስከዚያ ድረስ አቤቱታው ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀር ነበር፤ በዚያ ቀን የወጣው ቋሚ ደንብ ግን ጨርሶ ተቀባይነት እንዳያገኝ አደረገ። በየጉባኤው መታደሱም ቀረ። ይሁን እንጂ ያለፈው በ114 ለ108 ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የነበረው የ49 ድምፅ ልዩነት ወደ 6 ወርዷል። መራጮቻቸውን የፈሩ የሰሜን ተወካዮች አንድ በአንድ ወደ አዳምስ ወገን እየመጡ ነበር።

በዚህ መካከል አዳምስ ሌላ ሙግት ያዙ። አሚስታድ በተባለች መርከብ ላይ ከአፍሪካ ተሰርቀው በኩባ የተሸጡ ሰዎች ዐምፀው መርከቧን ይዘው ነበር። አሜሪካ ደርሰው ታስረው ሳለ ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የ73 ዓመቱ አዛውንት ከ30 ዓመት በላይ ካልቆሙበት ችሎት ፊት በየካቲትና በመጋቢት 1841 ለእስረኞቹ ተከራከሩ። መጋቢት 9 ቀን ፍርድ ቤቱ ነፃ ሰዎች ናቸው ብሎ ፈረደ።

ከሄቨርሂል የመጣው አቤቱታ

ትልቁ ፈተና የደረሰው በጥር 1842 ነው። ከማሳቹሴትስ ከተማ ከሄቨርሂል ከአርባ በላይ ዜጎች ያልተለመደ ነገር ለመኑ፤ የአሜሪካ ኅብረት በሰላም እንዲፈርስ ጠየቁ። ሀብታቸው በባርነት ላይ የተመሠረተውን ክፍላተ ሀገር ለመደገፍ እየዋለ ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው። አዳምስ ወረቀቱን አቀረቡ፤ አብረውም አንድ ልዩ ኮሚቴ ይቋቋምና ልመናው ለምን ሊፈጸም እንደማይገባ ለአቤቱታ አቅራቢዎቹ መልስ ያዘጋጅ ብለው ጠየቁ።

ጠላቶቻቸው የሚፈልጉትን ያገኙ መሰላቸው። ኅብረቱ ይፍረስ የሚል ወረቀት በአንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት እጅ ሲቀርብ ከዚህ የበለጠ ምን ክህደት አለ አሉ። የቨርጂኒያው ቶማስ ጊልመር አዳምስ ይገሠጹ አሉ፤ የኬንታኪው ቶማስ ማርሻል ደግሞ ክሱን እስከ ክህደት አደረሱት።

አዳምስ 74 ዓመታቸው ነበር፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ያነባል። ተነሡና ጸሐፊው የነፃነት አዋጁን መግቢያ እንዲያነብ ጠየቁ። መንግሥት የሕዝቡን መብት የሚያጠፋ በሚሆንበት ጊዜ ሕዝቡ ሊለውጠው እንደሚችል የሚናገረው ክፍል ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ አለ። ሀገሪቱ ራሷ የተመሠረተችው በዚህ ሐሳብ ከሆነ፣ ይህንኑ በትሕትና የለመነ ዜጋ እንዴት ከሃዲ ይባላል የሚለው ነገር ለማንም ግልጽ ሆነ። ክህደት ምን እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ ራሱ እንደተረጎመና ምክር ቤቱ ያለ ዳኛ ሊፈርድ እንደማይችልም አስረዱ።

ክርክሩ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። ጸረ ባርነት ታጋዩ ቴዎዶር ዌልድ ማስረጃ በማሰባሰብ ረዷቸው። ጋዜጦች ዜናውን በየከተማው አደረሱት፤ ምክር ቤቱ እንዳይነሣ የፈለገው ነገር በሀገሪቱ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። በመጨረሻም አዳምስ መከላከያቸውን ለመጨረስ ገና አንድ ሳምንት እንደሚያስፈልጋቸው፣ ምክር ቤቱ ክሱን ቢተወው ግን እንደማይቀጥሉ ገለጹ። የካቲት 7 ቀን 1842 ክሱ በ106 ለ93 ተዘጋ። አዛውንቱ ወዲያው ያልቀረቡ አቤቱታዎቻቸውን ማንሣት ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ወር የኦሃዮው ጆሹዋ ጊዲንግስ በባርነት ጉዳይ ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ምክንያት ተገሠጹ፤ ሥራቸውን ለቀው ወደ ወረዳቸው ሄዱ፤ መራጮቻቸውም በሰፊ አብላጫ መልሰው ላኳቸው። መልእክቱ ለመረዳት አላስቸገረም።

ደንቡ ሲሻር

ታኅሣሥ 3 ቀን 1844 አዳምስ በየጉባኤው መክፈቻ እንዳደረጉት ሁሉ ደንቡ ይሻር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። በዚህ ጊዜ 108 ለ80 አለፈላቸው። በዚያ ምሽት በማስታወሻቸው ላይ ድሉን የራሳቸው አላደረጉም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ጻፉ።

በዚያው ዓመት ከኮነቲከት የመጡ አድናቂዎች ከዝሆን ጥርስ የተሠራና የአቤቱታ መብት ድል የሚያበስር ጽሑፍ የተቀረጸበት በትር ሰጥተዋቸው ነበር። አዳምስ ስጦታ ለግላቸው መውሰድ አይወዱምና ለመንግሥት አስረከቡት። በትሩ ዛሬም በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ተቋም ይገኛል።

የደንቡ መሻር ባርነትን አላስቀረም። በኮሎምቢያ ግዛት ባርነት የቀረው በሚያዝያ 1862፣ ከ18 ዓመት በኋላና በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ነው። አዳምስም በዘመናቸው መጀመሪያ በዚህ ጉዳይ ዝም ያሉባቸው ዓመታት እንደነበሩ አይዘነጋም፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውም ሆነ በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን በባርነት ላይ ግንባር ቀደም ተሟጋች አልነበሩም። ወደዚያ ያደረሳቸው በየዕለቱ በእጃቸው ያልፍ የነበረው የተራ ሰዎች ወረቀት ነው። በ1839 ከ1842 በኋላ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ነፃ ይሁን የሚል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እስከ ማቅረብ ደረሱ። በ1836 ያነሡት ሌላ ሐሳብ ደግሞ፣ ማለትም ጦርነት ቢነሣ መንግሥት በጦር ሥልጣኑ ባሮችን ነፃ ማውጣት ይችላል የሚለው ክርክር፣ በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን እውን ሆነ።

በወንበራቸው ላይ

በኅዳር 1846 አዳምስ በአንጎል ደም መፍሰስ ታመሙ። በየካቲት 1847 አገግመው ወደ አዳራሹ ሲገቡ ወዳጅም ጠላትም ተነሥቶ ተቀበላቸው። በሜክሲኮ ላይ የታወጀውን ጦርነት ከተቃወሙት ጥቂት ተወካዮች አንዱ ነበሩ። የካቲት 21 ቀን 1848 ለዚያ ጦርነት መኮንኖች ምስጋና የሚያቀርብ ውሳኔ ሲቀርብ እምቢ አሉ። ጥቂት ቆይተው ለመነሣት ሲሞክሩ ወደቁ። ባልደረቦቻቸው ደግፈው ወደ አፈ ጉባኤው ክፍል ወሰዷቸው፤ ከዚያ ስፍራ ሳይወጡ በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 23 ቀን በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። የቀብሩን ሥርዓት እንዲያሰናዱ ከተመረጡት መካከል ከኢሊኖይ የመጡ አንድ አዲስ ተወካይ ነበሩ፤ ስማቸው አብርሃም ሊንከን ነው። አዳምስ በክዊንሲ ከተማ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ከአባታቸው ጎን ተቀበሩ።

በዚያ ዘመን የተላኩት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ዛሬም በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ወረቀት በወረቀት ተለጥፈው እንደ ጥቅል የረዘሙ ናቸው፤ በአንድ በኩል የወንዶች፣ በሌላ በኩል የሴቶች ስም ተደርድሯል። ከፈራሚዎቹ አብዛኛዎቹን ታሪክ አያውቃቸውም። ጠይቀው የተመለሱ፣ እንደገና ጠይቀው እንደገና የተመለሱ ሰዎች ናቸው። አዳምስም በዕድሜያቸው መጨረሻ ለእነዚህ ሰዎች የሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀታቸው መልስ እንዲያገኝ ባይችሉ እንኳ ቢያንስ እንዲነበብ አደረጉ። ዛሬ አቤቱታ የሚቀበል ኮሚቴ ያለው ምክር ቤት ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ይጋፈጣል፤ ልመናው የማይወደድ ሲሆን ወረቀቱ ይገለጣል ወይስ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል?